ማን ቆጠረው?

የቤተ መጻሕፍቱ ሠራተኛ ወረቀቷን ሁለት ጊዜ አነበቡት። መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ሰቀል አደረጉ። ኮምፒውተሩ ላይ ፈለጉ፤ ከዚያ ወደ አሮጌው የካርድ መሳቢያ ሄደው በጣታቸው ገለጥ ገለጥ አደረጉ። ተመልሰው መጡና፣ «የኔ ልጅ፣ እንዲህ የሚባል መጽሐፍ የለም» አሏት።

«እዚህ የለም ማለትዎ ነው?»

«የትም የለም። ጸሐፊውን አውቃቸዋለሁ፤ ሥራዎቻቸውም እዚህ አሉ። ይህን ግን አልጻፉም።»

የእህቴ ልጅ 11ኛ ክፍል ናት። የታሪክ አስተማሪዋ ስለ ጣሊያን ወረራ ዘመን ፕሮጀክት ሰጥቷቸው፣ እሷ የካቲት 12ን፣ ጣሊያኖቹ የአዲስ አበባን ሕዝብ መፍጀት የጀመሩበትን ቀን፣ መረጠች። የመጽሐፉን ርእስ ያገኘችው ስልኳ ላይ ያለውን ሰው ሠራሽ አስተውሎት ጠይቃ ነው። ርእስ፣ የታተመበት ዓመት፣ ገጽ ሳይቀር ሰጥቷታል። እውነተኛ ሰው ስም ላይ የሌለ መጽሐፍ ለጥፎ። አንገቷን ደፋች። እኔ ግን ደስ አለኝ ማለት እችላለሁ። ገና በመጀመሪያው ቀን አንድ ትልቅ ነገር አየች። ተጽፎ ያገኘነውን ሁሉ ሄዶ ማየት እንደሚያስፈልግ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ለሦስት ሳምንት ያህል አብረን ዞርን። ከአራት ኪሎ ስድስት ኪሎ፣ ከስድስት ኪሎ ፒያሳ። ማታ ማታ ደግሞ ኢንተርኔት ላይ። ይህን የምጽፈው ሌላም ልጅ፣ ሌላም ወላጅ በዚያው መንገድ ስለሚሄድ ነው።

መጀመሪያ የቸገረን ዓመተ ምሕረቱ ነበር። እሷ «1929» ብላ በእንግሊዝኛ ስትፈልግ የሚመጣላት ሁሉ የአሜሪካ የኢኮኖሚ ውድቀት ነው። የእኛ የካቲት 12 ቀን 1929 በፈረንጆቹ የካቲት 19 ቀን 1937 ነው። ወረራው የተጀመረው በእኛ መስከረም 22 ቀን 1928፣ በእነሱ ጥቅምት 3 ቀን 1935። ስለዚህ በአንድ ወገን 7 ዓመት፣ በሌላው 8 ዓመት ይደመራል፤ መስከረምና ጥር ላይ ልዩነቱ ይቀያየራል። ቀላል ነገር ይመስላል። ግን አንድ መጽሐፍ በእኛ አቆጣጠር የጻፈውን ሌላው እንዳለ ገልብጦ እንደ ፈረንጅ ዓመት ሲጠቀምበት አይቻለሁ። እኔም ለልጅቷ ማስታወሻ ደብተር ገዛሁላትና እያንዳንዱን ቀን በሁለት ዓምድ እንድትጽፍ ነገርኳት።

ሁለቱ ዓምዶች ብዙም ሳይቆዩ ሦስት ሆኑ። ወደዚያ እመለሳለሁ።

ቀጥሎ ያስቸገረን ፊደል ነው። ኮምፒውተር ሀን ከሐ፣ ሰን ከሠ አንድ አድርጎ አያይም። «ዐርበኛ» ብላችሁ ያጣችሁትን «አርበኛ» ብላችሁ ታገኙታላችሁ። «ኃይለ ሥላሴ»ን በአራትና በአምስት ዓይነት አጻጻፍ መሞከር ነበረብን። በላቲን ፊደል ሲሆን ይብሳል፤ ጣሊያኖቹ የእኛን ስም የሚጽፉት በራሳቸው ጆሮ ነው። የስም ቅደም ተከተሉም ሌላ ጣጣ አለው። እኛ ሰውን በራሱ ስም እንጠራለን። የውጭ አገር ካታሎግ ግን አንዳንዴ የአባትየውን ስም ያስቀድማል። ፕሮፌሰር ባሕሩ ዘውዴን አንዱ ጋ «ባሕሩ» ላይ፣ ሌላው ጋ «ዘውዴ» ላይ አገኘናቸው።

ወመዘክር፣ ብሔራዊው ቤተ መጻሕፍት ውስጥ፣ ብዙ የቆየነው ከጋዜጦች ጋር ነው። አዲስ ዘመን የተመሠረተው በ1933፣ ንጉሠ ነገሥቱ አዲስ አበባ በገቡበት ዓመት ነው። ስሙም ከዚያ የመጣ ነው። ስለዚህ ስለ ወረራው የጻፈው ሁሉ ነፃነት ከተመለሰ በኋላ የተጻፈ ነው። ይህ ነጥብ ልጅቷን ያዛት። «ታዲያ በ1929 ራሱ ማን ይጽፍ ነበር?» አለችኝ። ጥያቄዋ ልክ ነው። በዚያ ዓመት አዲስ አበባ ውስጥ በአማርኛ የሚታተም ጋዜጣ ነበር፤ «የቄሣር መንግሥት መልእክተኛ» ይባላል። የወራሪው ጋዜጣ ነው። በራሳችን ቋንቋ፣ በራሳችን ፊደል የሌላውን ድል ይናገራል። የእኛ ሰው የሆነውን በግልጽ መጻፍ አይችልም ነበር። በውጭ ግን ሲልቪያ ፓንክረስት አዲስ አበባ በወደቀች ሰሞን እንግሊዝ አገር አንድ ጋዜጣ ጀምራ፣ ከአዲስ አበባ የሚወጣውን ወሬ ሁሉ ታትም ነበር። ዛሬ ያረፈችው እዚሁ፣ ሥላሴ ካቴድራል ነው።

ወደ ስድስት ኪሎ ስንሄድ ደብዳቤ ይዘን ነበር። ምክሬ ይህ ነው። ከትምህርት ቤት ማኅተም ያለበት የትብብር ደብዳቤና መታወቂያ ሳትይዙ ወደ የትኛውም የምርምር ቤተ መጻሕፍት አትሂዱ። ልጅቷ ሁለት ቀን ጠብቃ ነው ያወጣችው። ያ ሁለት ቀን ብዙ ምልልስ አተረፈልን።

የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም የሚገኘው ስድስት ኪሎ ግቢ ውስጥ ነው። ሙዚየሙ ያለበት ቤት የቀድሞው ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ነው። በወረራው ጊዜ የጣሊያኑ እንደራሴ ግራዚያኒ የተቀመጠው እዚያው ነበር። የካቲት 12 ቀን የኢጣሊያ አልጋ ወራሽ ልጅ ስለ ወለደ፣ ለድሆች ምጽዋት ይሰጣል ተብሎ ሕዝብ የተሰበሰበውም እዚያው ነው። አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም ግራዚያኒ ላይ ቦምቡን የወረወሩት እዚያው ነው። ልጅቷ ይህን ሁሉ በመጽሐፍ አንብባለች። ግን ግቢው ውስጥ ቆማ፣ ተማሪዎች ሳንድዊች እየበሉ ሲያልፉ እያየች፣ «እዚህ ጋ?» አለች። «እዚህ ጋ» አልኳት። ለረጅም ጊዜ ዝም አለች።

እኔ ከሁሉ የምወደውን ምንጭ የማውቀው ከድሮ ጀምሮ ነው። ከጦርነቱ በኋላ የኢትዮጵያ መንግሥት የፋሺስቶቹን ወንጀል ለዓለም ለማቅረብ ሰነድ ሰበሰበ። የፍትሕ ሚኒስቴር በፈረንጆቹ በ1949ና በ1950 በሁለት ጥራዝ አሳተመው። አንደኛው ጥራዝ የጣሊያኖቹን የራሳቸውን ቴሌግራሞችና ትእዛዞች የያዘ ነው። ሁለተኛው ደግሞ በአብዛኛው በመሐላ የተሰጡ የምስክሮች ቃል። አስቡት። የገዳዩ ወረቀትና የተረፈው ሰው ቃል ጎን ለጎን።

ልጅቷ ቅጂውን ከፊቷ አድርጋ ስታነብ አንድ ነገር ላይ ቆመች። ቴሌግራሙ ላይ ቀን፣ ወር፣ ዓመት አለ። ከዓመቱ ቀጥሎ ደግሞ የሮማ ቁጥር። «15 የሚል ነው። 15ኛው ምን?» አለች።

አልነገርኳትም። ይዣት ወጣሁ።

ከሙዚየሙ ፊት ለፊት፣ አትክልቱ መሐል፣ ወደየትም የማያደርስ ደረጃ አለ። ጠምዘዝ እያለ ወደ ላይ ይወጣና ያልቃል። የሠሩት ጣሊያኖቹ ናቸው። ሙሶሊኒ ሥልጣን ከያዘ ጀምሮ ለእያንዳንዱ ዓመት አንድ እርከን። ፋሺስቶቹ የራሳቸው ዘመን አቆጣጠር ነበራቸው፤ አንድ ብለው የሚጀምሩት ሮማ ከገቡበት፣ በፈረንጆቹ ከጥቅምት 1922 ነው። የካቲት 1929 የእኛ፣ የካቲት 1937 የአውሮፓ፣ ለእነሱ 15ኛው ዓመት ነበር። ከነፃነት በኋላ ደረጃው ጫፍ ላይ የይሁዳ አንበሳ ተቀመጠበት። አሁንም አለ።

ልጅቷ ደረጃውን በዓይኗ ተከትላ አንበሳው ጋ ደረሰች። ከዚያ ደብተሯን አውጥታ ሦስተኛውን ዓምድ አሰመረች።

ከኢንተርኔት ያገኘነውን በአጭሩ ልንገራችሁ። በጄኔቭ የሚገኘው የተባበሩት መንግሥታት ቤተ መጻሕፍት የመንግሥታት ማኅበርን መዛግብት ስካን አድርጎ በነፃ አስቀምጧል። ንጉሠ ነገሥቱ ሰኔ 23 ቀን 1928 ያደረጉት ንግግር የተሰማው በዚያ ማኅበር ጉባኤ ነው፤ ፊልሙም ዩቲዩብ ላይ በቀላሉ ይገኛል። የአሜሪካ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር የዚያን ዘመን የዲፕሎማቶቹን ቴሌግራሞች በዓመት በዓመት ከፍሎ አውጥቷል፤ አዲስ አበባ የነበረው መልእክተኛ ኮርኔሊየስ ኤንገርት ነው። ያረጁ የእንግሊዝኛ መጻሕፍትን አካውንት ከፍቶ በውሰት የሚያነቡበት የኢንተርኔት አርካይቭም አለ። ከሁሉ ይልቅ ግን ሰው የሚረሳው የራሳችንን ነው። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የማስተርስና የዶክትሬት ጥናቶችን ኢንተርኔት ላይ በነፃ ያወጣል። የአንድ ጥናት የመጨረሻ ገጾች ላይ ያለው የዋቢ ዝርዝር ለተማሪ ወርቅ ነው። ሌላ ሰው ዓመታት የደከመበትን ፍለጋ ቁጭ ብላችሁ ታነባላችሁ። ዳታ ለመቆጠብ ፒዲኤፉን ዋይፋይ ያለበት ቦታ፣ ለምሳሌ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ አውርዱት።

ፎቶ ላይ ግን ቆም ማለት አለብኝ። አንድ ቴሌግራም ቻናል ላይ «የካቲት 12» የሚል ጽሑፍ ያለበት ፎቶ አገኘች። የተደረደረ አስከሬን ይታያል። ፕሮጀክቱ ሽፋን ላይ ልታደርገው ፈልጋ ነበር። በጉግል ሌንስ ስንፈልገው ሌላ አገር፣ ሌላ ዓመት ሆኖ ተገኘ። ተናደደች። እኔም ተናደድኩ። እንዲህ ያለ ስሕተት ጉዳቱ ለሞቱት ሰዎች ነው። አንድ ሐሰተኛ ፎቶ ከተገኘ፣ አልሆነም ለማለት የሚፈልግ ሰው ሌላውንም ሁሉ ሐሰት ነው ይላል።

የሮማው የሉቼ ተቋም ብዙ የአዲስ አበባ ፎቶና ፊልም አለው፤ ብዙውም ኢንተርኔት ላይ ይታያል። ጥራቱ የሚገርም ነው። ግን ሉቼ የሙሶሊኒ መንግሥት የፕሮፓጋንዳ ክንድ ነበር። ካሜራው የዞረበትን ታያላችሁ፤ ሰልፍ፣ መንገድ ሥራ፣ ባንዲራ፣ እጅ የሚነሳ ሰው። ልጅቷን እያንዳንዱ ፎቶ ሥር ሦስት ነገር አስጻፍኳት። ማን አነሣው? ለማን ሊያሳይ? ከጎኑ ምን አለ የማይታይ? የሦስተኛውን መልስ ሁልጊዜ አላገኘችም። ባዶውን ትታዋለች፤ ልክ ነበረች።

ከፎቶዎቹ በኋላ ከተማዋን ራሷን ማንበብ ጀመርን። ፒያሳ የጣሊያንኛ ቃል ነው። መርካቶም እንዲሁ። ካዛንቺስ የመንግሥት ሠራተኞች መኖሪያ እንዲሠራ ከተቋቋመው የጣሊያን ድርጅት ስም የመጣ ነው። እነዚህን ስሞች በየቀኑ ታክሲ ተራ እንጠራቸዋለን። የድሮዎቹ ቤቶች ብዙዎቹ በቅርብ ዓመታት ፈርሰዋል፤ ስሙ ብቻ ቀርቷል። አቡነ ጴጥሮስ ሐውልታቸው ለባቡር ሥራ ተነሥቶ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ወደ ቦታው ተመልሷል። የተገደሉት ሐምሌ 22 ቀን 1928 ነው፤ የካቲት 12 ከመሆኑ ከስድስት ወር በላይ ቀድሞ። ልጅቷ ሁለቱን አንድ ላይ አድርጋቸው ነበር። ብዙ ሰው ያደርጋቸዋል።

ሦስተኛው ሳምንት ላይ ወደ ቁጥሩ መጣን።

«ጋሼ፣ ስንት ሰው ነው የሞተው? የቱን ልጻፍ?»

የትምህርት ቤት መጽሐፏ 30 ሺህ ይላል። ይህ ከጦርነቱ በኋላ የኢትዮጵያ መንግሥት ያቀረበው ቁጥር ነው። ጣሊያኖቹ በጊዜው ያመኑት በመቶዎች የሚቆጠር ነበር። በዚህ ጉዳይ ለብዙ ዓመታት የደከመው ኢያን ካምቤል በ2017 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጥናቱ ወደ 19 ሺህ ይደርሳል ብሏል። አስተማሪዋ የሚፈልገው አንድ ቁጥር መስሏታል። እኔ ግን ከቁጥሩ በፊት ሌላ ጥያቄ አለ አልኳት። ማን ቆጠረው? መቼ? በምን?

የደብረ ሊባኖስ ገዳሙን ግድያ አሳየኋት። ግንቦት 1929፣ ከየካቲቱ ሦስት ወር በኋላ። ግራዚያኒ ለሮማ በላከው ቴሌግራም 297 መነኮሳት መገደላቸውን ይገልጻል። ቆየት ብሎ ደግሞ 129 ዲያቆናት። ይህ የገዳዩ የራሱ ቁጥር ነው፤ ማንም አጋንኖብኛል ሊል አይችልም። ከ50 ዓመት በላይ ቆይቶ ኢያን ካምቤልና ደግፌ ገብረ ጻድቅ ቦታው ድረስ ሄደው፣ ሽማግሌዎችን ጠይቀው፣ መግደያ ሥፍራዎቹን አይተው ቁጥሩን ከ1,423 እስከ 2,033 አደረሱት። የገዳዩ ወረቀት እውነት ነው፤ ግን ሙሉ አይደለም። ቢሮ ውስጥ የቀረው ወረቀት የሚነግረን ጻፊው ሊያምን የፈለገውን ያህል ነው። ቀሪው ያለው ሰው አፍ ላይ ነው።

ይህን ስላት ልጅቷ ጎረቤታችንን አስታወሰች። ሠራተኛ ሰፈር የሚኖሩ እናት ናቸው፤ ወደ 80 ይጠጋሉ። እሳቸው ያኔ አልተወለዱም። እናታቸው ግን የ9 ዓመት ልጅ ነበሩ፤ የሚኖሩትም አራዳ።

እሑድ ከቅዳሴ መልስ ሄድን። ቡና አፈሉልን። ልጅቷ ስልኳን አውጥታ፣ «እማማ፣ ድምፅዎን ልቅዳ?» ብላ ጠየቀች። ፈቀዱ። ስማቸው እንዲጻፍ ግን አልፈለጉም።

እናታቸው ወንዝ ዳር፣ ባሕር ዛፍ ውስጥ ተደብቀው ሁለት ሌሊት አደሩ። ሰማዩ በሌሊት ቀይ ነበር። ሰው በአካፋና በዶማ ሲገደል አይተዋል። ጎጆ ላይ ቤንዚን ሲረጭ አይተዋል። «እናቴ እስክትሞት ድረስ የቤንዚን ሽታ አትችልም ነበር» አሉ። «አውቶብስ ተራ ስንሄድ ነጠላዋን አፍንጫዋ ላይ አድርጋ ታለቅሳለች። እኔ ልጅ ሆኜ የታመመች ይመስለኝ ነበር።»

አካፋው፣ ዶማው፣ ቤንዚኑ በመዛግብቱ ውስጥ አለ። የውጭ አገር ምስክሮች ጽፈውታል፤ መሐላ የፈጸሙትም ተናግረውታል። አውቶብስ ተራ ላይ ነጠላዋን አፍንጫዋ ላይ ያደረገችው ሴት ግን የትኛውም መሳቢያ ውስጥ የለችም። ልጅቷ ያንን በዚያች እሑድ ከቡናው ሥር ተቀምጣ ጻፈችው። እኔ ደግሞ እስከ ዛሬ ለምን ቀድሜ ሄጄ እንዳልጠየቅኳቸው ሳስብ ነበር። የዘንድሮዎቹ ተማሪዎች የሚያገኙት የምስክሮቹን ልጆች ነው። ቀጣዮቹ የልጅ ልጆቹን ብቻ ያገኛሉ። ቤታችሁ ውስጥ፣ ግቢያችሁ ውስጥ እንዲህ ያለ ሰው ካለ እባካችሁ በዚህ ሳምንት ሂዱ። ስልኩ ይበቃል። ቀኑን፣ ቦታውን፣ ከማን እንደሰሙት መዝግቡ።

ልጅቷ ፕሮጀክቷ ውስጥ ሦስቱንም ቁጥሮች አስገባች። ከእያንዳንዱ ጎን ማን፣ መቼ፣ በምን መንገድ እንደቆጠረው ጻፈች። የጎረቤታችንን ቃል ለብቻው አደረገችው።

ከማስረከቧ በፊት ባለው ምሽት ሄዳ ልታነብላቸው ፈለገች። አብሬያት ሄድኩ። ዓይናቸውን ጨፍነው አዳመጧት። መጨረሻ ላይ የግርጌ ማስታወሻውን አነበበች፦ «የሠራተኛ ሰፈር ነዋሪ፣ ስለ የካቲት 12 የሰሙትን የተናገሩት።»

ዓይናቸውን ገለጡ።

«የሰሙትን አትበይ። ሰማሁ አላልኩሽም። እናቴ ነገረችኝ ነው ያልኩሽ። እዚሁ ቤት፣ እንጀራ እየጋገረች።»

ልጅቷ እስክሪብቶዋን አወጣች። «የሰሙትን» የሚለውን ሰረዘችው።